የልብስ ሰፊው ሳል

ልብስ ሰፊው ሦስት ወር ሙሉ መኝታ ቤቱን ትምህርት ቤት አድርጎት ከረመ። የስድስት ዓመት ልጁ ኦቲዝም አለባት፤ ያልለመደችው ነገር ድንገት ከመጣባት ቤቱ ቀውጢ ነው። የምታሠለጥናት ቴራፒስት «ከእኔ ጋር የምትችለውን ትምህርት ቤትም እንድትችል የክፍሉን ውሎ አስቀድማችሁ አለማምዷት» ብላ በቀለበት የታሰሩ የሥዕል ካርዶች ሰጠቻቸው፤ ቦርሳ መስቀያ፣ ወንበር፣ ደብተር፣ መጨረሻ ላይ «ጨርሰናል»። እሱም የያዘውን የማይለቅ ሰው ነውና ደወሉን በድስት ክዳን፣ መምህሩን በራሱ ተካ። ሚስቱ ተማሪ ሆና ስትገባ በማርፈዷ ሁለት ጊዜ ተቆጥቷታል።

የሙከራው ቀን ደረሰ። ርዕሰ መምህሯ ቁርጡን ነግራዋለች፦ «እስከ እረፍት ከተቀመጠች እንመዘግባታለን። ካልሆነ ለከርሞ።» ለእሱ ከርሞ ማለት መቶ ዓመት ነው።

ልጅቷ ቦርሳዋን ሰቀለች፣ ወንበሯ ጋ ሄደች፣ ቆመች።

«ቁጭ በይ፣ የኔ ቆንጆ» አለች መምህርቷ።

ወይ ፍንክች። መምህርቷ ከቀለበቱ የወንበሩን ካርድ አሳየቻት፤ ራሷም ተቀምጣ አሳየቻት። ልጅቷ አሁንም አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ቆማለች። ርዕሰ መምህሯ በር ላይ ሆና ሰዓቷን አየች።

አባትየው ከውጭ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ላብ አጠመቀው። ምን ጎደለ? ቤት እኮ እምቢ ብላ አታውቅም! ሲጨንቀው ደግሞ ያ የሃያ ዓመት የጨርቅ ብናኝ ያተረፈለት ሳል መጣበት። «እህ! እህ!»

ልጅቷ ቁጭ አለች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሁሉን ሲያስብ የራሱን ጉሮሮ ረስቶታል። ለካ ቤት አንድም ነገር ሳይስል አዝዟት አያውቅም፤ ልጁ ደግሞ የተማረችውን ጠብ አታደርግም።

«ደብተርሽን አውጪ» ተባለች። ጠበቀች። እሱ ሳለ። አወጣች።

ርዕሰ መምህሯ ወደ ውጭ ብቅ አለች። «አባቷ፣ አሞዎታል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፤ እያስተማርኩ ነው።»

እያፈረ ነገራት። እሷም ገብታ ለመምህርቷ በጆሮዋ ሹክ አለቻት። መምህርቷ ጉሮሮዋን ጠረገች፦ «እህ! እህ! ገጽ ሦስት።» ልጅቷ ገጽ ሦስትን ገለጠች። የቀሩት ሠላሳ ልጆችም ደንግጠው ጸጥ አሉ፤ ዓመቱ ከጀመረ ክፍሉ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ሰውዬው ግን ልቡ አላመነም። መምህርቷ በሳለች ቁጥር እሱም ከውጭ ይደግማል። በመጨረሻ ልጅቷ ቀና ብላ መምህርቷን አየች፤ አባቷን አየች። ከወንበሯ ሳትነሳ ጠረጴዛዋ ላይ የነበረውን የካርዶቹን ቀለበት አነሳችና አንድ በአንድ ገልጣ የመጨረሻውን ወደ መስኮቱ ዘረጋችለት።

«ጨርሰናል»።

ያኔ የእረፍቱ ደወል ተደወለ። ርዕሰ መምህሯ የመመዝገቢያ ቅጹን ይዛ ስትወጣ ልብስ ሰፊው ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅሳል።

«ምነው? ተቀመጠችልዎ እኮ!»

«እሷማ ተቀመጠች» አለ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ። «እኔን ነው ያሰናበተችኝ።»