በዋዜማው የቀሩት ቡሎኖች

ጤናዬ መፍቻውን አይታው ነበር። ልጇ እንዳላማው የአባቱን አሮጌ ፎርዊል ወደ ኋላ ነድቶ ከግቢ ሲያወጣ፣ መኪናዋ ቆማ ከሰነበተችበት ቦታ፣ ድንጋይ ላይ ዝናብ ያጠበው አሥራ አራት ቁጥር መፍቻ ተጋድሟል። እንዳላማው ዕቃ ጥሎ የሚሄድ ሰው አይደለም። ልትነግረው አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ገና ከደጅ ሳንወጣ ማሟረት ጀመርሽ እንዳይላት። ነገሩ የከነከናት የአማኑኤልን ከተማ አልፈው፣ መቀመጫው ከሥሯ መንዘር ሲጀምር ነው።

እንዳላማው በማግስቱ ንጋት ከሉማሜ ስምንት ዘመድ ጭኖ፣ የዓባይን ቁልቁለት ተሻግሮ፣ ፍቼ ለሠርግ ሊያደርስ ቃል ገብቷል። ጤናዬ ያን ቁልቁለት በሐሳቧ መውረድ ከጀመረች ሳምንት ሆኗታል፤ ሁሌም መጨረሻው ገደል ነው። አሁን ደግሞ በእሷ በኩል ያለው በር ከውስጥ አይከፈትም፤ መስኮቱም አይወርድም። ቀበቶዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀመጠች።

ጎማ ነው አላት። የዋልካ ጭቃ የጎማው ቸርኬ ውስጥ ሲደርቅ አንዱ ጎን ይከብድና ያንቀጠቅጣል። ደብረ ማርቆስ መግቢያ ላይ ወርዶ ጭቃውን በእንጨት ፈለፈለ። ከተማዋን ለቀው ፍጥነቱ ስልሳ ሲሞላ ግን መንቀጥቀጡ ተመለሰ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ ለቀቃት፤ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ቢልም መቀመጫው መንዘሩን አልተወም። ሞተሩም አይደለም ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እንዳላማው ፍጥነቱን ቀነሰ። በአርባ እያዘገሙ ሉማሜ የደረሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

መካኒኩ ውበቱ ጋራዡን ሊዘጋ ሲል ደረሱበት። መኪናዋን ከማየቱ በፊት ጤናዬን ጠየቃት።

"እትዬ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። የሚነዝረው ከፊት ነው ወይስ ከመቀመጫዎ ሥር?"

"ከሥሬ ነው።"

"እሷን አትጠይቃት" አለ እንዳላማው። "እናቴን መኪና ቆማም ይነዝራታል።"

ውበቱ ሳቅ እያለ መኪናዋን በክሪክ አነሣና ከሥሯ ገባ። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚወስደውን ረጅም ዘንግ ይዞ ወዘወዘው። ኳ አለ። ሲወጣ ሳቁ የለም። ዘንጉን ከፊት ከሚያስሩት አራት ቡሎኖች አንዱ ወድቋል፤ የቀሩት በጣት ይዞራሉ፤ ቀዳዳቸውም ተበልቶ ሞላላ ሆኗል። ዘንጉ ወድቆ አስፋልቱን ቢወጋ መኪናዋን እንደ ቆርኪ ይገለብጣት ነበር አለ። ልኳ የሆነ ቡሎን ከማርቆስ እስኪመጣ አትነቃነቅም።

እንዳላማው አልተዋጠለትም። ከሳምንት በፊት የዘንጉን መጋጠሚያ ቀይሮ ቡሎኖቹን ያጠበቀው ራሱ ነው አለ። ሦስቱን አሁን ያጥብቅለት፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሠርግ ነው፣ ምን ብሎ ይቀራል?

ጤናዬ ያ ምሽት ትዝ አላት። የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ከመኪናዋ ሥር እግሩ ብቻ ይታያል። በዓሉ ገብቷል፣ ብረት አይነካም ብላ ጮኻ ያስወጣችው እሷ ናት። እሱም ቡሎኖቹን በጣቱ አዙሮ፣ መፍቻውን እዚያው ድንጋዩ ላይ ትቶ፣ ከበዓሉ በኋላ አጠብቃለሁ ብሎ ወጣ። ከበዓሉ በኋላ ዝናብ ሆነ፤ ከዝናቡ በኋላ ያጠበቃቸው መሰለው። ልጇን ከመቅሠፍት አድናለሁ ብላ ዘንጉን አንጠልጥላ ተወችው።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ብትናገር ደግሞ ዳግመኛ የሚሰማት የለም። እንዳላማው ግን ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ወደ መኪናዋ ዞሯል።

"አላጠበቅካቸውም" አለች። "ዋዜማ ነው ብዬ ያስወጣሁህ እኔ ነኝ።"

እንዳላማው ባለበት ቆመ። ጣቶቹን አያቸው፤ የዚያን ዕለት ቡሎኖች የሚቆጥር ይመስላል።

"ሰዎቹን ምን እላቸዋለሁ?" አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

"እናቴ ከለከለችኝ በላቸው። ይሳቁብኝ፤ ለምጄዋለሁ።"

ቁልፉን ለውበቱ ሰጠው። መኪናዋን ከክሪኩ አውርደው ሦስቱም እየገፉ ወደ ጋራዡ ውስጥ አስገቧት። ውበቱ ለእራት ከቤቱ እንዲገቡ ለመናቸው፤ ጤናዬ እሺ አለች፣ ግን አልተንቀሳቀሰችም። የቆርቆሮው በር ተስቦ፣ ጓጉንቸሩ ገብቶ እስኪቆለፍ ድረስ ከደጁ ቆማ ጠበቀች።