የምታስለው መኪና

ማረው አራት የፎገራ ላሞች ሸጦ አሮጌ መኪና የገዛ ጊዜ የቁሐር ሚካኤል ሰው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «አበደ» አለ፤ ግማሹ ደግሞ «ድሮስ መቼ ጤና ነበረው» አለ። የሚያዝንለት ሦስተኛ ወገን አልተገኘም። ጊዜው ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ኅዳር ነው። በዚያ ሜዳ ላም የሸጠ ሰው በሬ ይገዛል እንጂ፣ ቀለሟ የተላጠ፣ አንድ በሯ በገመድ የታሰረ፣ ስትነሳ እንደ አሮጊት የምታስል ብረት ከጎንደር ነጋዴ አይገዛም።

መንዳቱንስ ያውቅበታል። በጎረምሳነቱ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ በሚያመላልስ መኪና ሁለት ዓመት ሠርቷል። ስለዚህ አገሩ፣ ይፋግ ገበያ እህልና ሰው እያመላለሰ ሊከብር ነው ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን በየማለዳው መኪናዋን አስነስቶ ወረታ ይወስዳትና ከአውራ ጎዳናው ዳር ያቆማታል፤ እስኪመሽም አጠገቧ ይቀመጣል። ገበያተኛ «እባክህ አሳፍረኝ» ሲለው፣ «የታመመ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የለም ካሉት ፊቱን ያዞራል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ ሳቁበት። መሳቅ ምን ገዷቸው፣ ላሙ የእነሱ አይደለም።

ባለፈው ነሐሴ ሚስቱን ድንቅነሽን የመጀመሪያ ልጇ ምጥ ሁለት ቀን አስጨነቃት። ሜዳው በውኃ ተውጦ ነበር። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ፣ እስከ ወገብ እየጠለቀ፣ እዚሁ መንገድ ዳር አደረሳት። ከጧት እስከ ማታ አንድ መኪና አላለፈም። ማታ ከነልጇ ሞተች። ማረው በቀብሯ አላለቀሰም፤ በአርባዋም አላለቀሰም። ሲበላ ወጡ ጨው ይኑረው አይኑረው አያውቅም፤ እግሩን እሾህ ሲወጋው ደሙን አይቶ ነው የሚነቃው። የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዲት ሴት በዚህች መኪና ተሳፍራ ሆስፒታል ብትደርስና ብትድን፣ ይህ የደነዘዘ ሰውነቱ ይላቀቅለታል። ላሞቹን የሸጠው ለዚህ ነው። ለማንም አልተናገረም።

ሳይነግራቸው ያወቁት አማቱ እሜቴ አመተ ሥላሴ ብቻ ናቸው። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ከማረው ቤት አልወጡም። እሳቸውን የሚያሳስባቸው የመኪናዋ ሳል ነበር።

«ማረው፣ ይህች ነገር አልተሻላትም።»

«አርጅታ ነው እሜቴ። አይጨነቁ።»

«እሷ ታማ ሕመምተኛ ልታደርስ?»

መኪናዋ ሦስተኛ ሳምንቷን ስትይዝ እሜቴ ጣራ ገዳም ሄደው ጠበል በቅል ይዘው ተመለሱ። በእግራቸው ነው የሄዱት፤ የታመመ ላይ አይጫንም ብለው አሻፈረኝ አሉ። ቄስ ገብረማርያም መኪናዋን በመጣች ቀን ረጭተዋት ነበር፤ ግን እሜቴ፣ መረጨት ለላይ ላዩ ነው፣ የውስጥ በሽታ ካልጠጡለት አይለቅም የሚሉ ሰው ናቸው። ማረው ቤንዚን የሚያጠጣበትን አፏንም አይተውታል። በማግሥቱ ጧት እሱ ፊቱን ሲታጠብ፣ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ አጠጧት።

ያን ዕለት ማረው ገና ከቤት ሳይወጣ ጎረቤቱ ቢሻው እየሮጠ መጣ። ሚስቱን ይርገዱን ከትናንት ጀምሮ ምጥ ይዟታል፤ አዋላጆቹ እጃቸውን አጥፈዋል። ሜዳው ደርቋልና ማረው መኪናዋን እስከ ደጃፋቸው አስጠጋ። ይርገዱን አስተኟት፤ እሜቴ ባዶ ቅላቸውን ከጎናቸው አኑረው ጭንቅላቷን ታቅፈው ተቀመጡ። ጎዳናው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መኪናዋ ሦስት ጊዜ ሳለችና ቀጥ አለች።

ማረው ክዳኑን ከፍቶ ቀጭኑን የቤንዚን ቱቦ ፈታ። ከቱቦው የወረደውን በመዳፉ ተቀብሎ አሸተተው። ምንም አይሸትም።

«ውኃ ነው» አለ።

«ጠበል ነው» አሉ እሜቴ ከውስጥ። «እኔ ነኝ ያጠጣኋት፣ ልጄ። እንድትድን ብዬ።»

«ምን ያህል?»

«ቅሉን ሙሉ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ማረው ቁጣውን ፈለገው፤ የለም። ቤንዚን እንደ ቅቤ ከላይ ይሰፍፋል፣ ውኃው ይዘቅጣል፤ ስለዚህ ከቤንዚኑ ማጠራቀሚያ ሥር ያለውን ብሎን ፈትቶ ውኃውን ማፍሰስ ነው። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ተጋደመ።

«እሜቴ፣ ላፈሰው ነው።»

«መሬት ላይ? የሰውና የከብት እግር ሊረግጠው? በስመ አብ!»

ቅላቸውን ይዘው ወረዱና ተንበርክከው ከመኪናዋ ሆድ ሥር ደቀኑ። ቢሻው ራሱን ይዞ ይዞራል። «ሚስቴ እያለቀች እናንተ ጠበል ትቀዳላችሁ!» እያለ ይጮኻል። እውነቱን ነው፤ ግን እሜቴ ንቅንቅ አላሉም። ቅሉ ሲሞላ የቤንዚን ሽታ መጣ። ማረው ብሎኑን አጠበቀ፣ ቱቦውን ነፋ፣ አስነሳት። እያሳለች ተነሳች።

ጎንደር ሆስፒታል ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። ይርገዱን ተቀብለው አስገቧት፤ ብዙም ሳይቆይ ነርሷ ወጥታ ሴት ልጅ መወለዷን፣ እናቲቱም ደኅና መሆኗን ነገረቻቸው። ቢሻው ወድቆ የማረውን ጉልበት ሳመ። በአዳራሹ የነበሩ የማያውቋቸው ሴቶች እልል አሉ። ማረው ግድግዳውን ተደግፎ ጠበቀ። ይመጣል ያለው ነገር እስኪመጣ ጠበቀ። እልልታው አለቀ፣ ሴቶቹም ወደየጉዳያቸው ተመለሱ።

ሲወጣ እሜቴን ከመኪናዋ ጎን መሬት ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«ዳነች?»

«ድናለች። ልጅቱም ደኅና ናት።»

አማተቡ። «ቀለለህ፣ ልጄ?» አሉት።

ሊዋሻቸው አፉን ከፈተ፤ ግን ለውሸቱም አቅም አጣ።

«አልቀለለኝም፣ እሜቴ።»

«እኔንም» አሉ። «የዳነችው የሰው ልጅ ናት እኮ። የኔዋ አይደለችም።»

ማረው አጠገባቸው ተቀመጠ። ሁለቱም አላለቀሱም።