ሁለት ዓመት ትርፍ

ከማሉዲን የእልፍነሽን ፓስፖርት ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ከደነው። ድሬዳዋ ተወልዶ ጅቡቲ ያደገ ጨዋ ልጅ ነው። ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ኢንሹራንስ ይሸጣል፤ አሮጊት ሲገባ ብድግ ብሎ ወንበር ይስባል። ክፉ ወሬ መናገር ግን አይሆንለትም።

"እማማ፣ ሰባ ስድስት ዓመትዎ ነው እንዴ?"

"ወረቀቱ እንደዚያ ይላል?"

"ይላል። እኛ ደግሞ ሰባ አምስት የሞላውን ሰው አንቀበልም። ሌሎቹም ያው ናቸው፤ በከንቱ እንዳይደክሙ።"

እልፍነሽ ሳቀች። "ውይ፣ እሱ የወረቀት ዕድሜ ነው የኔ ልጅ! እውነተኛው ሰባ አራት ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቶሎ ትምህርት ቤት ሊያስገባኝ ሁለት ዓመት ደርቦብኝ ነው። የኛ ዘመን ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው።"

ከማሉዲን አልሳቀም። "እንግዲያው በፍርድ ቤት ያስተካክሉት። የክርስትና መዝገብ ይቀበላሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ፈረንሳዮቹ የዓመት ቪዛ ለሚጠይቅ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያሳክም ኢንሹራንስ ካልያዘ ማመልከቻውንም አያዩለት።"

ቀልዱ ያኔ አለቀ። እልፍነሽ ያለቻት አንድ ልጅ ናት፤ ፅዮናዊት ትባላለች፣ ሊዮን ነው የምትኖረው። አሥራ አንድ ዓመት ስለት ስትሳል ኖራ፣ ተስፋ ቆርጣ ከተወችው በኋላ፣ በአርባ ሦስት ዓመቷ አረገዘች። ሐኪሞቹ ከአልጋ እንዳትወርጂ ብለዋታል። ባሏ የጭነት መኪና ነጂ ነው፣ ቤት የሚያድረው እሁድ እሁድ ነው። በየቀኑ እየደወለች "እማዬ፣ ድረሽልኝ" ትላለች። ልጁ የሚጠበቀው ኅዳር ነው፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ ነሐሴ ገብቷል። ታዲያ እናት ለሁለት የወረቀት ዓመት ብላ ትቅር? እንዴት ተደርጎ!

ከቢሮው ወጥታ ወደቡ ቁልቁል በሚታይበት መንገድ ተራመደች። የነሐሴ ነፋስ ፊት ይልጣል። አባቷ ወልደየሱስ በባቡር መጥቶ ኑሮውን የጀመረው እዚያ ታች ነው፤ ስሙ ዛሬ ከሰው አፍ የጠፋ አንድ ዕቃ አስጫኝ ድርጅት ውስጥ መጋዘን ጠባቂ ነበር። ድርጅቱ ክሊኒክ ነበረው። ስሙ በአባቱ ካርድ ላይ የሰፈረ ልጅ በነጻ ይታከማል፤ የዚያን ዘመን ኢንሹራንስ ማለት ያ ካርድ ነው። በየወሩ አባቷ እጇን ይዞ ይወስዳታል። ፈረንጁ ሐኪም ግድግዳ ላይ ያስደግፋትና ቁመቷን ይለካል፣ ካርዱን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፤ "ለዕድሜዋ አነሰች" ይልና አንድ ትልቅ ማንኪያ የዓሣ ዘይት ያጠጣታል። ምንም ሳይጎድላት ስድስት ዓመት ሙሉ የዓሣ ዘይት ጠጣች! ሲወጡ አባቷ ከየመናዊው ሱቅ ቀይ ሽሮፕ የፈሰሰበት የተፈጨ በረዶ ይገዛላትና አፏ እስኪቀላ ቆሞ ያያታል። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልቀመሰም። እልፍነሽ ይህን ስታስብ አባቷ ናፈቃት፤ መንገድ ላይ ቆማ እንባዋን ጠረገች።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቄስ ታፈሰ የድሮውን መዝገብ አውጥተው ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየጎተቱ ፈለጉ።

"ወልደየሱስ... ይኸው። ሴት ልጅ፣ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። ወለተ ሚካኤል።"

"የኔ ስም ወለተ ኪዳን ነው፣ አባ።"

"ቆይ እስቲ።" ብዙ ገጽ ገለጡ። "ወለተ ኪዳንም አለች፤ ይቺኛዋ ከሁለት ዓመት በኋላ ናት። አባትም እናትም አንድ። እህት ነበረችዎት እንዴ?"

"ኧረ የለኝም! ለናቴ አንድ ነኝ።"

ቄሱ ሌላ መዝገብ፣ የቀብሩን፣ ስበው አወጡና ካነበቡ በኋላ ወደ እሷ አዞሩላት።

እልፍነሽ በቀጥታ ካርቲየ 4 ወደሚባለው ሰፈር ሄደች፣ እትዬ ደብሪቱ ጋ። እልፍነሽ ከተወለደችበት ግቢ ሰዎች በሕይወት የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ ዘጠና ዓመቷ ነው፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ምላሷ ግን እንደ ጥንቱ ነው። ጣሪያ ላይ ከሚሽከረከረው ቬንቲላተር ሥር ጋደም ብላ አገኘቻት።

"እትዬ፣ ወለተ ሚካኤል ማን ናት?"

አሮጊቷ ቀስ ብላ ተነሥታ ተቀመጠች። "አሁን ትጠይቂኛለሽ? እናትሽ ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ! በሕይወት እያለሁ እንዳትናገሪ ብላ አስምላኝ ነበር፤ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ማን ጠየቀኝ?"

ከዚያ ተናገረች። የመጀመሪያዋ ልጅ እልፍነሽ ተባለች፤ ካርዱ ላይ የሰፈረችው እሷ ናት። በዚያው ሰሞን ሣጥን ወድቆ የወልደየሱስን እግር ሰበረውና ከቋሚ ሠራተኝነት ወደ ቀን ሠራተኝነት ወረደ። የቀን ሠራተኛ አዲስ ልጅ አያስመዘግብም፤ የተመዘገበው ግን አይሰረዝበትም። ልጅቷ በዘጠኝ ወሯ ትኩሳት ያዛትና ሞተች።

"አባትሽ 'ነገ እግዜር ሌላ ቢሰጠን በምን እናሳክማለን?' አለ። የድርጅቱ ኃላፊ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታችን ነው፤ ለቅሶ ከሰማ ካርዱ ቀረ። ጎህ ሳይቀድ ቀበርናት። እኔ ነኝ የታቀፍኳት፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። እናትሽ ነጠላዋን ነክሳ እህ እንኳ ሳትል ቀረች። ግቢው ሁሉ ያውቃል፣ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። አንቺ ስትወለጂ ስሟንም ካርዷንም ሰጡሽ።"

"ያ ሐኪም..." አለች እልፍነሽ፣ "ያ ሐኪም ግድግዳ ላይ የሚለካኝ በሷ ቁመት ነበር ማለት ነው።"

"በሷ ነዋ፣ ልጄ።"

ፍርድ ቤቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት፤ ሁለቱን መዝገቦች አየች፣ ደብሪቱን በአስተርጓሚ አስማለች። ዕድሜው እንዲስተካከል መጀመሪያ የሞተችው በሞት መመዝገብ አለባት አለችና ብዕሯን አነሳች።

"የሟች ስም?"

"እልፍነሽ ወልደየሱስ።"

"የእርስዎስ?"

"እልፍነሽ ወልደየሱስ።"

ዳኛዋ ቀና ብላ አየቻት። "ስሙን ልንለውጥልዎ እንችላለን" አለች በለሰለሰ ድምፅ።

"አይሆንም፣ የኔ እመቤት። ከእኔ ሌላ ማን ይጠራላታል?"

ውሳኔው በተሰጠ ዕለት ሁለቱ አሮጊቶች ታክሲ ይዘው ከማሉዲን ጋ ጎራ አሉ። ልጁ አዲሱን ዕድሜ አይቶ ደስታውን መደበቅ አቃተው፤ ወረቀቱን ዕለቱኑ ጻፈና ማኅተሙን አሳረፈ። እልፍነሽ እዚያው ሆና ለፅዮናዊት ደወለች። "እናትሽ በሁለት ዓመት ልጅ ሆነችልሽ! የኤምባሲው ቀጠሮ ሰኞ ነው፤ መጣሁልሽ" አለቻት። ፅዮናዊት በስልኩ ውስጥ እየሳቀች አለቀሰች።

ወደ እልፍነሽ ቤት ተመለሱ። ደብሪቱ ከታክሲው ወርዳ በሩ ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ምነው እትዬ? እግርሽን አመመሽ?"

"እግሬስ ደህና ነው። ያንን የሞት ወረቀት እስቲ አሲዢኝ።"

ሰጠቻት። አሮጊቷ ማንበብ አትችልም፤ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧን ታጠቀችና እልፍነሽ ምን ልትሆን ነው ብላ ሳትጨርስ ጮኸች።

"ዋይ! እልፍነሽ! ዋይ የኔ ሕፃን! ሳናለቅስልሽ የሸኘንሽ!"

መንደሩ ተነቃነቀ። በሮች ተከፈቱ፤ የሱማሌውም የአፋሩም የአማራውም ቤት ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። የጎን ቤቷ ጠይባ እጇ ሊጥ እንደሆነ፣ ባዶ እግሯን ሮጣ ደረሰች። ሠላሳ ዓመት አብራት የኖረችው እልፍነሽ የሞተች መስሏት ነበር። ደጁ ላይ ቆማ ስታያት ክው አለች።

"አንቺ! አለሽ አይደል እንዴ? ማነው የሞተው?"

እልፍነሽ ለመመለስ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ከእናቷ ሆድ ተሻግሮ የመጣ ለቅሶ ነው። ጠይባ በሊጡ እጇ ደግፋ ያዘቻት።

"እኔስ አለሁ" አለች እልፍነሽ፣ ትንፋሿ ሲመለስላት። "የሞተችው ታላቄ ናት። ግቢ፣ ጠይባዬ፤ ሰውም ይግባ። ቁጭ በሉና አልቅሱልኝ።"