የአርቪድ አፍንጫ

ውሻይቱ ቲልዳ ጎህ ሲቀድ ከጓሮ ስትገባ አርቪድ ሦስት ነገር አስተዋለ። ግራ ዓይኗ ቀልቷል፤ አፍንጫዋን ምንጣፉ ላይ ትፈትጋለች፤ ደረቷ ላይ ቢጫ እርጥበት አለ። የረግረግ ጭቃ ነው ብሎ ደመደመ። በሞቀ ውሃና በሳሙና አጠባት፣ በፎጣ አደራረቃት፤ ቲልዳ አርጅታለችና ብርድ እንዳይመታት አልጋው ላይ አስተኛት።

ረፋዱ ላይ ልጁ ሶልቬግ እንደ እሑድ ልማዷ ከከተማ መጣች። በረንዳው ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች፤ በእጅጌዋ አፍንጫዋን ያዘች።

«አባዬ፣ ስካንክ፣ ያ ግማታም አውሬ፣ ረጭቷታል እኮ። ከመንገዱ ጀምሮ ይሸታል። አይሸትህም?»

«ይሸተኛል እንጂ። አጥቤያታለሁ።»

«ታዲያ አልጋህ ላይ ምን ትሠራለች?»

አርቪድ ውሻይቱን ከአልጋው አወረደ።

አርቪድ በክሬም ፋብሪካው ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው በአፍንጫው ነበር። ገበሬዎች የሚያመጡትን የክሬም ጣሳ ክዳን ከፍቶ አንዴ ይስባል፤ ላሚቱ የዱር ሽንኩርት በልታ እንደሆነ፣ ጣሳው በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ እንደሆነ ይናገራል። አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ወይም ከደረጃ ውጪ ሲል ዋጋቸው በዚያ ይወሰናልና ገበሬዎቹ ፊቱን እያዩ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። በጥር የያዘው ጉንፋን ሲለቀው ማሽተቱን ይዞበት ሄደ። ለማንም አልተናገረም። ሶልቬግ እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔ ጋ ግባ እያለች ትወተውተዋለች፤ እሱም ምን ጎደለኝ እያለ ይመልሳታል። አሁን የጎደለው ታወቀ።

ሶልቬግ ሽታ ያጠፋል የሚባለውን የቲማቲም ጭማቂ ከመደርደሪያው ስታወርድ ከለከላት። ቲማቲም የሚያደክመው የአጣቢውን አፍንጫ ነው እንጂ ሽታውን አይደለም አላት። ቁስል ማጠቢያውን ፐርኦክሳይድ አንድ ሊትር ለክቶ ባልዲ ውስጥ ገለበጠ፤ ሩብ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ ማንኪያ የዕቃ ሳሙና ጨመረበት። አረፋ መጣ። ክዳን ፈልጋ ስትዞር፣ ተዘግቶ ከተቀመጠ ይፈነዳል አላት።

ቲልዳን ደጅ አወጧት። ሶልቬግ የውሻይቱን አንገት ያዘች፤ እሱ ፈሳሹ ዓይኗ እንዳይገባ እየተጠነቀቀ አሻት፤ በሰዓቱ አምስት ደቂቃ ቆጥሮ አለቀለቃት።

«ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ብትሄድ ሁለት ወንበር ርቀው ነው የሚቀመጡልህ» አለች ሶልቬግ።

«ድሮም ርቀው ነው የሚቀመጡት።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። አርቪድ ጎንበስ ብሎ ሶልቬግ ከመጣች ጀምሮ ሲሸሽ የቆየውን ጥያቄ ጠየቀ።

«አሁንስ ለቀቃት? አሽቺልኝ።»

ሶልቬግ የውሻይቱን ማጅራት አሸተተች። «ጆሮዋ ሥር አለ።»

ደገሙት። ጆሮዋ ሥር እያሸ ዓይኑ ጓሮ ወደቆመው፣ ለምድጃው ጋዝ ወደሚሰጠው ነጭ ታንከር ሄደ። ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም፤ ሲያፈተልክ እንዲታወቅ የሚጨመርበት ክርፋት የዚህ አውሬ ጠረን የቅርብ ዘመድ ነው። ይህን ያውቃል። ከጥር ጀምሮ በየቀኑ ምድጃውን ሲለኩስ ጋዝ ቢያፈተልክ እንደማይሸተው እያወቀ ነው የለኮሰው።

እጁን ጠረገና ወደ ታንከሩ ሄደ። መዝጊያውን እስከ መጨረሻው አዞረው፤ እንደ ልማዱ ጨርሶ መዘጋቱን አንዴ ገፋ አድርጎ አረጋገጠ።

«ከጥር ጀምሮ ነው» አላት ጀርባውን እንደሰጣት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትወስጂኛለሽ ብዬ።»

ሶልቬግ አልካደችም። ቲልዳን በፎጣ ጠቅልላ ይዛ ቆመች።

ወጥ ቤት ሲገቡ አርቪድ ከማቀዝቀዣው የክሬም ማሰሮ አወጣና ክዳኑን ከፍቶ አቀበላት። ልጅ ሳለች ፋብሪካው ድረስ ይዟት እየሄደ እንዲህ ይፈትናት ነበር።

«ስንተኛ ደረጃ?»

ሶልቬግ ሳበች። ፊቱን አየች። ልትዋሽለት ትችል ነበር።

«ከደረጃ ውጪ ነው፣ አባዬ።»

አርቪድ ራሱን ነቀነቀ። ማሰሮውን ተቀብሏት ክሬሙን ወደ ማጠቢያው ገለበጠ፤ ውሃ እየለቀቀበት እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ አየው። ከዚያ ሻንጣው የት እንዳለ ነገራት።