በሐምሌ የቀረበ ምስጋና

ለፍሬደሪክስቴድ ከተማ ነዋሪዎች፣ ለመላው የሴንት ክሮይ ደሴት ሕዝብ፣ እንዲሁም ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ! በቅዱስ ባርናባስ ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን፣ በፊተኛው ረድፍ ቀኝ ጥግ ላይ የምትቀመጠው ቀይ ትራስ በሳሙና ታጥባ፣ ፀሐይ ላይ ደርቃ፣ ወደ ክብር ስፍራዋ መመለሷን ስናበስር የሚሰማን ኩራት ወሰን የለውም።

ትራሷ የሚስ ኦታሊ ናት። ሚስ ኦታሊ የደሴቷን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ መምህርት ናቸው፤ ግማሹን ምክር ቤትም ጆሮውን ቆንጥጠው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከተቆነጠጡት አንዱ ሴናተር ኤዝሞንድ ክራውስ ነው። እኔ የሴናተሩ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነኝ። አጎቴም ነው። ሁለቱ ነገሮች እርስ በርስ ግንኙነት የላቸውም።

እኛ ዘንድ ፖለቲከኛ ሁሉ በዓመት ሁለት ቀን ኤፒስኮፓል ይሆናል፤ በሐምሌው የምልጃ ሰኞና በጥቅምቱ የምስጋና ሰኞ። በሐምሌ ቢሮው ሁሉ ተዘግቶ አውሎ ነፋሱን አሳልፍልን እያልን እንለምናለን። በጥቅምት፣ ያለፈው አልፎ የተረፍነው ተርፈን፣ እናመሰግናለን። በሁለቱ መካከል «ዘንድሮስ ማለፊያ ነው» የሚል ሰው ቢገኝ እናቱ አፉን በመዳፏ ትከድነዋለች። አጎቴ ግን በቀሩት እሑዶችም ቤተ ክርስቲያን አይቀርም፤ ይህም በምክር ቤቱ ዘንድ ትንሽ ያስጠረጥረዋል።

ነገሩ የጀመረው በቤተ ክርስቲያኑ የሽማግሎች ስብሰባ ላይ ነው። ሚስ ኦታሊ ከፊት ተቀምጠው የምእመናኑን መልስ ይመራሉ፤ አንባቢው ልመናውን ሲያነብ ቀድመው እሳቸው ይመልሳሉ፣ ሕዝቡ ይከተላቸዋል። ዘንድሮ ግን በፋሲካ የገናውን መልሰው ነበር።

«‹ሕፃን ተወልዶልናል› አሉ እኮ» አሉ ቄስ ፍሌሚንግ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «በፋሲካ!»

«ታዲያ አልተወለደም እንዴ?» አለ አጎቴ።

«ኤዝሞንድ፣ ቀልዱን ተወው። ሕዝብ ፊት እንዲዋረዱ አልፈልግም። ቢያርፉ ይሻላል።»

«ካረፉ ይሞታሉ፣ አባ። የሐምሌውን ይምሩ። አንባቢው እኔ ነኝ፣ አጠገባቸው ነኝ።»

«ቢሳሳቱስ? ኃላፊነቱን ትወስዳለህ?»

«እወስዳለሁ» አለ። ፖለቲከኛ እንዲህ ያለ ቃል ሲናገር ሰምቼ ስለማላውቅ ሳል ያዘኝ።

የምልጃው ሰኞ ደረሰ። የፓርቲው የእጩ ምርጫ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነበር፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ይህን ያሸነፈ ወንበሩን እንደያዘ ይቆጠራልና ቤተ ክርስቲያኑ ላይ እጩ ፈሰሰበት። በግራው የፊት ረድፍ የአጎቴ ተፎካካሪ ዋልድማር ጊተንስ፣ ነጭ ሙሉ ልብሱን ለብሶ በማራገቢያ ፊቱን ያራግባል። በቀኝ በኩል ሚስ ኦታሊ ቀይ ትራሳቸው ላይ ተሰይመዋል። እኔ ከኋላቸው ነኝ። ሬዲዮ ጣቢያው ጸሎቱን በቀጥታ ያስተላልፋል፤ ማይክሮፎኑ ከአጎቴ አፍ ሥር ተተክሏል።

አጎቴ መጽሐፉን ገለጠ። «ከባሕር ቁጣ፣ ከነፋስም ጅራፍ።»

መልሱ «ቸሩ ጌታ ሆይ፣ አድነን» ነው። አራስ ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

«ጌታ ሆይ፣ እናመሰግንሃለን!» አሉ ሚስ ኦታሊ።

ያ ክፍል ያንቀጠቅጥ የነበረ ድምፅ ዛሬ ቀጥኗል፤ ማይክሮፎኑ ጋ አልደረሰም። እኛ ፊት የተቀመጥን ግን ሰማን። የቄስ ፍሌሚንግ ዓይን ከመጽሐፉ ላይ ተነሣ። የዋልድማር ማራገቢያ አየር ላይ ቆመ። ከኋላ ያለው ሕዝብ ምን እንደሚል ግራ ገብቶት ዝም አለ። ሚስ ኦታሊ ማንም እንዳልተከተላቸው ሲያውቁ ቀስ ብለው ዞሩ። አየኋቸው። ገበያ መካከል የእናቷ ቀሚስ ከእጇ ያመለጣት ሕፃን ፊት ነበር።

አጎቴ መጽሐፉን ዘጋው።

«በሰላም ስላሳለፍክልን ወራት» አለ፣ በሙሉ ድምፁ።

የሚስ ኦታሊ ትከሻ ቀና አለ። «ጌታ ሆይ፣ እናመሰግንሃለን!» ሕዝቡም ሚስ ኦታሊን መከተል የለመደ ሕዝብ ነውና ተከተለ።

«ስላልተነቀለው ጣሪያ፣ ስላልሰጠመው ጀልባ።»

«ጌታ ሆይ፣ እናመሰግንሃለን!»

የጥቅምቱን ጸሎት ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ተወጣው። ከኋላ አንዲት ሴት ደጋግማ አማተበች። አንድ ዓሣ አጥማጅ ክፉውን ለማራቅ የመቀመጫውን እንጨት ሲያንኳኳ ይሰማኛል። ደሴቷ በሙሉ በየኩሽናዋ የሰማችው ይህንን ነው፦ ሴናተር ክራውስ፣ አውሎ ነፋሱ ገና ከአፍሪካ ጠረፍ ሳይነሣ፣ ስለዳንን አመሰገነ።

ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ጆኒኬክ የሚባለውን የዘይት ጥብስ ቂጣ ከምትሸጠው ከቨርና ዘንድ ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል።

«ሁለት ስጪን» አልኳት።

«እንደምን ዋልሽ አይባልም?»

«እንደምን ዋልሽ ቨርና፣ ሁለት ስጪን።»

ዘይቱን እያንጠፈጠፈች አጎቴን ከእግር እስከ ራሱ ለካችው። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ነሐሴ ከነመስከረሙ ፊታችን ተገትሮ! ጣሪያዬ የሄደ ቀን ልጆቼን ይዤ አንተ ቤት ነው የምገባው።»

«ትርፍ አልጋ አለ» አለ አጎቴ፣ ጆኒኬኩን እየነከሰ።

ዋልድማር በማግስቱ በጭነት መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ አስጭኖ ወጣ። «ወገኖቼ! ሩሙ ሳይቀዳ የሚሰክር ሰው ትመርጣላችሁ?» እያለ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ጮኸ። ሆኖም አንድ ነገር ልመስክርለት። ለአንድ ድምፅ የእናቱን ቤት ጣሪያ የሚሸጠው ዋልድማር፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የሚስ ኦታሊን ስም አንድ ጊዜም ከአፉ አላወጣም። እሱም ሰምቶ ነበር። እሱም ጆሮውን ተቆንጥጧል።

ረቡዕ ዕለት ደግሞ፣ ሌላ የሚነፍስበት ዓለም የጠፋ ይመስል፣ አንድ አውሎ ነፋስ ተወልዶ ፊቱን ወደ እኛ አዞረ። እኔ ምሳዬን ትቼ ወደ አጎቴ ግቢ ሮጥኩ።

«አጎቴ፣ እውነቱን እንናገር። በአንድ ዓረፍተ ነገር እናሸንፋለን።»

«የማንን እውነት?»

«የሆነውን ነዋ! እሳቸው መሳሳታቸውን፣ አንተ ደግሞ መሸፈንህን። ሰዉ ያለቅሳል። ዋልድማር ራሱ ይመርጥሃል።»

«እኔ የሸፈንኩትን አንተ ልትገልጥ?»

«እሺ፣ ያ ይቅር። እምነት ነበር እንበል። አስቀድሞ ማመስገን! ነቢይ ትሆናለህ።»

«ያ ውሸት ነው። እኔ ነፋስ እፈራለሁ» አለና የዛፍ መቁረጫ መጋዙን ነዳጅ መሙላት ቀጠለ።

ሐሙስ ሬዲዮ ጣቢያ ሄድን። አዘጋጁ ካትበርት በደሴቷ በጣፋጭ ድምፅ የሚያርድ የታወቀ ሰው ነው።

«ክቡርነትዎ፣ ጥያቄዬ አጭር ናት። ለምን?»

«የመጠለያውን በር ከዛሬ ማታ ጀምሮ እናስከፍታለን» አለ አጎቴ። «ጄኔሬተሩን ትናንት ፈትሸነዋል። የሚያመጣቸው ያጡ ሽማግሎች ካሉ ይደውሉልኝ፣ መኪናዬን ይዤ እመጣለሁ።»

«ስለ ጸሎቱ ነው የጠየቅሁት።»

«ብርድ ልብስም ይዘው ይምጡ።»

ደዋዮቹ ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» ብለው፣ የጤናችንን ሁኔታ ጠይቀው፣ ከዚያ ሰደቡት። አንዱስ ከነፋሱ ጋር የተዋዋለው በስንት እንደሆነ ጠየቀ። አጎቴ የመጠለያውን ስልክ ቁጥር ሰጠው።

አርብ ነፋሱ ሐሳቡን ለውጦ ወደ ሰሜን ታጠፈ። የደረሰን ዝናብና የወደቀ የማንጎ ዛፍ ብቻ ነው። ሌላው እጩ ሁሉ እጅ ሲጨብጥ በዋለበት በዚያ ቀን፣ አጎቴ መጋዙን ይዞ መንገድ ሲያጸዳ ዋለ። ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ «እሱ እያለም እግዚአብሔር ማረን» ይላል።

ቅዳሜ ተሸነፈ። ለጥቂት ነው፤ ለጥቂት መሸነፍ ግን ወንበር አይሰጥም። እኔም ኃላፊነቴ አጎት ከሥራ ሲወጣ ምን እንደሚሆን በተግባር ተረዳሁ።

ሽማግሎቹ ወዲያው ተሰበሰቡ። ስሕተቱ የአንባቢው ስለሆነ አንባቢው እንዲነሣ፣ ሚስ ኦታሊ ግን እንደ ወትሮው በጥቅምትም እንዲመሩ ወሰኑ። ቄስ ፍሌሚንግ ውሳኔውን ሲያነብቡ ቀና ብለው ማንንም አላዩም። ቀይዋ ትራስም የዚያን ዕለት ለእጥበት ወጣች።

በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁላችንም ግቢው ውስጥ ቆመናል። ሚስ ኦታሊ የታጠበችውን ትራስ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ።

«ኤዝሞንድ ክራውስ! ና ወዲህ።»

አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ ሄደ። «እንደምን አደሩ፣ ሚስ ኦታሊ።»

«እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ያልሆንከው አንተ ነህ። በሐምሌ ማመስገንን ማን አስተማረህ? እኔ ነኝ?»

«አይደሉም።»

«አይደለሁም! ስትሳሳት ሰማሁህ። ብቻህን ቆመህ እንዳትዋረድ ብዬ፣ ይሉኝታ ይዞኝ፣ አብሬህ ‹እናመሰግንሃለን› አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ለአንተ ስል እግዚአብሔርን ቀደምኩት! በምርጫው ዕለት ደግሞ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? ዋልድማርን መረጥኩ። የቅዱስ ቁርባኑን ኅብስት ይሰርቅ የነበረውን ዋልድማርን!»

ዋልድማር አዲስ ሴናተርነቱን ተሸክሞ ጫማውን ሲመለከት አየሁት። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ አጎቴ አንድ ጊዜ ገላመጠኝና ዘጋሁት።

«አሁን ሰው ሁሉ ፊት ንገረኝ» አሉ ሚስ ኦታሊ። «ለምን አደረግከው?»

አጎቴ ትራሷን ከብብታቸው ወሰደላቸው፤ አቧራ የሌለባትን አራገፋት።

«አልናገርም፣ ሚስ ኦታሊ።»