ሸበቶ የሌሉበት ፎቶ

ሸበቶ የሚለው ስም የወጣላቸው ገና በሠላሳ ዓመታቸው ጠጉራቸው የነጣ ጊዜ ነው። ስሙን ወደዱት። ሽበት ወንድም ሴትም ላይ ይወጣል፤ ማንንም አይመርጥም። ከፋርማሲው በላይ ባለችው ፎቶ ቤታቸው የሰፈሩን ሙሽራ፣ ተመራቂና አራስ ሲያነሱ ሠላሳ አራት ዓመት ኖሩ። ሰፈርተኛው መጀመሪያ ሰሞን ሥራ ፈትቶ፣ ወንድ ናቸው፣ የለም ሴት ናቸው እያለ ይወራረድባቸው ነበር። ኋላ ግን ፎቶው ሲያምርለት ውርርዱን ተወ። ምሳቸውን ሁልጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻቸውን ይበላሉ።

እውነቱን ከአፋቸው የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እናታቸው። ሸበቶ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመታቸው ነበር፤ እናት አንሶላ እያጠፉ ነበር።

"እማዬ፣ እኔ ወንድ ልጅሽም ሴት ልጅሽም አይደለሁም። አንዱን ለመሆን ብዙ ታገልኩ፤ ሁለቱንም ውስጤ ፈልጌ አጣኋቸው። ልጅሽ ነኝ፣ በቃ።"

እናት ያጠፉትን አንሶላ መልሰው ዘረጉና እንደገና አጠፉት። ከዚያም "ምሳ ቀርቧል" አሉ። ይኸው አርባ ዓመት ሆነ፤ ነገሩ በሁለቱ መካከል አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም። ሸበቶም ከዚያ ቀን ወዲህ የእናታቸውን ፊት ቀና ብለው ለማየት እንደፈሩ ቀሩ።

እናት ቤት ግድግዳ ላይ አሥራ አንድ የቤተሰብ ፎቶ ተሰቅሏል። ሁሉንም ያነሱት ሸበቶ ናቸው፤ አንዱም ላይ ግን የሉበትም። ይህን ማንም እንደ በደል አልቆጠረውም። ባለሙያ እያለ ማን ያንሣ? እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ሁሉንም ሰው ገላግሏል። ፎቶ በተነሱ ቁጥር የመጨረሻዋ እህት፣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርቷ፣ ሁለቱን ወንድሞች ከኋላ ታቆማለች፤ ሦስቱ እህቶች ደግሞ ከእናት ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ሸበቶስ የት ይሁኑ? ይህን ጥያቄ አፍ አውጥቶ የጠየቀ የለም። ካሜራው ለሁሉም ይመልስላቸው ነበር።

ዘንድሮ ሐኪሙ የእናትን ዓይን አየና አንዱ ሄዷል፣ የቀረውም ዓመቱን አይጨርስም አለ። እናት ወዲያው ለሸበቶ ስልክ ደወሉ።

"ዓይኔ ሳይከዳኝ ከልጆቼ ጋር አንድ ፎቶ እፈልጋለሁ። ከስድስቱም ጋር።"

ሸበቶ ስልኩን ዘግተው ቆጠሩ። ሁለት ወንድ፣ ሦስት ሴት፤ አምስት። ስድስተኛው እሳቸው ናቸው። ግራጫ ኮታቸውን ተኮሱ፤ ካሜራው በራሱ እንዲያነሣ የሚያደርገውንም ቁልፍ ደጋግመው ሞከሩ። አሥር ሰከንድ ይሰጣል።

እሑድ ከሰዓት ሁሉም ወደ ፎቶ ቤቱ መጡ። ርዕሰ መምህርቷ እንደ ልማዷ ደረደረቻቸው።

ሸበቶ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ዛሬ እኔም እገባለሁ" አሉ።

ቀልደኛው ወንድም "ኧረ በሞቴ! እርስዎ ከፊት ሲመጡ ካሜራው አይደነግጥም?" አለ። ሁሉም ሳቁ። ሸበቶም ከአንገት በላይ ሳቁ።

"ይግቡ እንጂ!" አለች ርዕሰ መምህርቷ። ወንድሞቿን አየች፤ እህቶቿን አየች። "እ... እዚያው ሲደርሱ እንጠጋጋለን።"

ማንም አልተጠጋም። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ክፉ ቢሆኑ ለሸበቶ በቀለላቸው ነበር፤ ተቆጥተው ይወጡ ነበርና። ይወዷቸዋል፤ ግን የት እንደሚያደርጓቸው አያውቁም።

ቁልፉን ተጫኑ። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። እስከ አግዳሚው ወንበር ስድስት እርምጃ ነው። ሦስቱን ሄዱ። ከኋላ የወንድሞች ትከሻ ገጥሟል፤ ከፊት የእህቶች ጉልበት ገጥሟል። ወደ አንዱ ቢገቡ ውሸት ነው፤ ወደ ሌላውም ቢገቡ ውሸት ነው። በስድሳ ሦስት ዓመታቸው የሚቆሙበት አንድ ክንድ ቦታ አጡ። እግራቸው እንቢ አላቸው፤ ካሜራው ወደማያየው ዳር ፈቀቅ ብለው ቀሩ። ካሜራው ጠቅ አለ።

ርዕሰ መምህርቷ ሮጣ ሄዳ አየችው።

"ተበላሸ! እማዬ፣ ምነው ዞር አልሽ? ወደ ፊት ማየት ነበረብሽ እኮ። ሸበቶ፣ ይድገሙልን።"

"አይደገምም" አሉ እናት።

"ፊትሽ እኮ ወደ ጎን ነው!"

"አውቃለሁ። ልጄን እያየሁ ነበር። ይቺ ዓይን የቀረችኝ ለካሜራ ነው እንዴ?"

እናት ሸበቶ ወደ ቆሙበት ዳር እጃቸውን ዘረጉ።

"ያኔ የነገርሽኝ... የተነገረኝ ነገር አልገባኝም ነበር። ዛሬም በቅጡ አልገባኝም። ግን አሁን ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ፣ አንዱ ልጄ ሜዳ ላይ ቀረ። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።"

ሸበቶ የእናታቸውን እጅ ያዙ። ቀና ማለት ግን እንደ ድሮው ከበዳቸው። ሌሎቹ ልጆች እናታቸውን ደግፈው ደረጃውን ወረዱ።

ሸበቶ ብቻቸውን ሲቀሩ ፎቶውን በትልቁ አተሙት። አምስቱ ወንድምና እህቶች ፈገግ ብለው ወደ ፊት ያያሉ። መካከላቸው የተቀመጡት እናት ብቻ ፎቶው ውስጥ ወደሌለ ሰው ዞረዋል። ሸበቶ ያን ፊት ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩት። ለአርባ ዓመት የፈሩት ቁጣ የለበትም፤ ሐፍረትም የለበትም። ወረቀቱን እንደያዙ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ለካ እንዲህ እየታዩ ነው የኖሩት።