ኩብራ የጮኸች ቀን

ኩብራ ዓይነ ስውራንን አገር ማስጎብኘት የጀመረችው ጭሮ ላይ የማስተማር ሥራዋን ከተወች በኋላ ነው። እንግዶቿ ክርኗን ይይዛሉ። እሷም በግራ በቀኝ ያለውን ሳትሰለች ትነግራቸዋለች፤ የሚነካውን ታስነካቸዋለች፣ የሚቀመሰውን ታቀምሳቸዋለች።

በዚያ ሳምንት ከአዳማ ሁለት እንግዶች መጡላት። አንዷ ሳህሊቱ ናት፤ በልጅነቷ በኩፍኝ ዓይኗ የጠፋ የብሬል መምህርት። ሌላው አቶ አጥናፉ፣ የስኳር በሽታ በሽምግልናቸው ብርሃናቸውን የነሳቸው የቀድሞ ባቡር ሠራተኛ። ሹፌሩ ፋሩቅ የኩብራ የአክስት ልጅ ነው። ሂርና ላይ ወርደው እርጥቡን ጫት ሲታሰር ዳበሱት፤ የነጋዴዎቹን ክርክርም ቆመው ሰሙ። በማግስቱ በበደሳ አድርገው ወደ መቻራ ጉዞ ጀመሩ። እዚያ ካለው ዋሻ ገብተው የራሳቸው ድምፅ ከድንጋዩ እንዴት እንደሚመለስ ሊሰሙ ነበር።

ከበደሳ ብዙም ሳይርቁ ፋሩቅ ፍሬን ያዘ።

«መንገዱን በድንጋይ ዘግተውታል» አለች ኩብራ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሦስት ወንዶች ናቸው። አንዱ ጠመንጃ ይዟል። እጃችሁን ወደ ላይ አድርጉ።»

በሩ ተበረገደ። ሰደፍ ፋሩቅ ትከሻ ላይ ሲያርፍ፣ ፋሩቅም መሬት ላይ ሲዘረጋ ሳህሊቱ ሰማች። ሌሎቹንም እየጎተቱ አወረዷቸው።

«ዕውር ከሆናችሁ ምን ልታዩ መጣችሁ?» አለ አንዱ። ጎርናና፣ የቃሉን መጨረሻ የሚውጥ ድምፅ ነበር።

«ልንሰማ ነው የመጣነው፣ ልጄ» አሉ አቶ አጥናፉ።

ነጭ በትራቸውን ነጥቆ ፊታቸው ላይ ሰበረው። ሽማግሌው አፋቸውን በደም ሞልተው ተንበረከኩ። ሰውየው ወደ ሳህሊቱ ዞረ።

«ይቺም እያስመሰለች ነው» አለና አገጯን ጨምድዶ አውራ ጣቱን ዓይኗ ውስጥ ከተተ። ስትጮህ ሳቀ። ከዚያ የወርቅ ጉትቻዋን ከጆሮዋ ጫፍ ጋር ገንጥሎ ወሰደ። ፋሩቅ ከወደቀበት ተነስቶ ሊያንቀው ሲል ጩቤ ጭኑ ላይ ሰካበት።

ወንበዴዎቹ ስልክና ገንዘባቸውን ይዘው ሄዱ። ኩብራ የፋሩቅን ጭን በሻሿ አጥብቃ አሰረችው። ቡና የጫነ አይሱዙ ደርሶ ወደ በደሳ መለሳቸው።

የጤና ጣቢያው አጥር ገበያውን ይነካል፤ ቀኑም የገበያ ቀን ነበር። ፋሩቅን ወደ ጭሮ የሚወስደው አምቡላንስ እስኪመጣ፣ አቶ አጥናፉም ውስጥ ሲታከሙ፣ ሳህሊቱና ኩብራ በሩ ላይ ተቀመጡ። ሳህሊቱ የተሰፋ ጆሮዋ እየጠዘጠዛት የገበያውን ጫጫታ ታዳምጣለች። ድንገት ቀጥ አለች። ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው በኦሮምኛ ዋጋ ይከራከራል። ጎርናና ነው፤ የቃሉን መጨረሻ ይውጣል።

«ኩብራ፣ እሱ ነው።»

ኩብራ በአጥሩ አሻግራ አየች።

«ስልክ እየሸጠ ነው» አለች ኩብራ። «የአቶ አጥናፉን ስልክ።»

«ፖሊስ ጥሪ። ቀስ ብለሽ ሂጂ።»

ኩብራ ግን ከፋሩቅ ጭን ተፈትቶ የተመለሰላትን ሻሿን አየች፤ ደሙ ደርቆበታል። ሮጣ ገበያው ውስጥ ገባችና ጮኸች። «ሃቱ! ሌባ ነው! ፋሩቅን የወጋው እሱ ነው! ያዙት!»

ፋሩቅን በዚያ ገበያ የማያውቀው የለም። መጀመሪያ የሩጫ ኮቴ መጣ፤ ከዚያ የዱላ ድምፅ፤ ከዚያም የድንጋይ። ኩብራ ተመልሳ ሳህሊቱ አጠገብ ቆመች።

«ምን እያደረጉት ነው?» አለች ሳህሊቱ።

«ተዪው፣ ወደ ውስጥ እንግባ» አለች ኩብራ።

«ሁሉን ስትነግሪኝ አልነበር? ይሄንንም ንገሪኝ።»

«ወድቋል። ጭንቅላቱን በእጁ ሸፍኗል። አንዱ… አንዱ በብረት ዘንግ እየመታው ነው።»

«ውሰጂኝ።»

«አልወስድሽም። ይገድሉሻል።»

ሳህሊቱ ብቻዋን ተነሳች። ድምፁን ተከትላ፣ በክርን እየተመታች፣ የረገጠችው ቲማቲም እያንሸራተታት፣ ሰው መሃል ገባች። እግሯ ለስላሳ ነገር ሲነካ በላዩ ላይ ወደቀች። ለእሱ የተሰነዘረው ብረት የእሷን የትከሻ አጥንት ሰበረው። «ዓይነ ስውር ናት፣ ተዉ!» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ። እጆች ተገቱ። ፖሊሶቹ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው።

አምቡላንሱ አንድ ብቻ ነበር። ፋሩቅንና ሰውየውን ጎን ለጎን አስተኟቸው።

«ከእሱ ጋር አልሄድም፣ አውጡት» አለ ፋሩቅ።

«ካወጣሁት ይሞታል» አለ ነርሱ። ሳህሊቱንም በመሃላቸው አስቀመጣት። እሱ ፋሩቅን ሲያክም እሷ በደህና እጇ የሰውየውን ራስ ወደ ጎን ይዛ፣ ደሙ እንዳያንቀው አደረገች። ጥርሱ ወልቋል፤ መንጋጋው ከእጇ ሥር ይንቀሳቀሳል። ፋሩቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰውየው «ቢሻን… ቢሻን» አለ።

«ውሃ ነው የሚለው» አለ ነርሱ። «መስጠት አይቻልም።»

ሰውየው በማግስቱ ጠዋት ጭሮ ሆስፒታል ሞተ። ነጂብ ይባል ነበር። ፖሊስ ሁለቱን ግብረ አበሮቹን መፈለግ ጀመረ፤ ከደበደቡት ግን አንድም ሰው አልያዘም።

ሳህሊቱ ክንዷ በፋሻ ታስሮ ከክፍሏ ስትወጣ የነጂብ እናት ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ኩብራ ነገረቻት። ሳህሊቱ «ወደሷ ውሰጂኝ» አለች፤ ኩብራም በዚህ ጊዜ አልተከራከረችም።

እናትየዋ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጠየቀች። ኩብራ ሳትተረጉም በአንዲት ቃል መለሰች። ወዲያው ጥፊ ጮኸ፤ ሌላም ተከተለ።

«ምን አለችሽ?» አለች ሳህሊቱ።

«‹ልጄን ለገበያተኛው ማን ጠቆመ?› አለች። ‹እኔ› አልኳት።»

«ድምፁን ያወቅኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ፖሊስ ጥሪ ነበር ያልሽኝ» አለች ኩብራ። ከንፈሯ አብጦ ቃሉ ይንተባተባል።

ሳህሊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። አምቡላንሱ ውስጥ ራሱን ይዛ የመጣችው እሷ እንደሆነች ኩብራ ለእናትየዋ ነገረቻት። እናትየዋም «ልጄ ምን አለሽ?» ብላ በኩብራ በኩል ጠየቀቻት።

ሳህሊቱ ምን እንደምትል አሰበች። ከዚያ እውነቱን ተናገረች። «ውሃ ጠየቀ። አልሰጠነውም። መስጠት አይቻልም ተብለን ነው።»

ኩብራ ተረጎመችው። እናትየዋ ደረቷን መምታት ጀመረች። አስከሬኑ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱም ከአጠገቧ አልተነሱም፤ ያስነሳቸውም የለም።